በተቃጠለ ዘይት የሚሠራ አልሙኒየም ማቅለጫ፦ ድሬ ላይ፣ መኪና ማቆሚያ ሥር እንዴት ይተከላል?

ድሬ ላይ ቤት ለማሞቅ ምድጃ የሚፈልግ ሰው የለም። ፀሐይዋ በነፃ ትሠራለች። ግን ግቢህ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ካለህ፣ ብየዳም ጥገናም የምትሞካክር ከሆነ፣ አንድ ቀን አልሙኒየም አቅልጠህ ፑሊ፣ እጀታ ወይም የተሰበረ የማሽን ዕቃ ምትክ ማውጣት ማማርህ አይቀርም። በከሰልም ይቻላል። ከሰል ግን ውድ ነው፣ አመዱም ብዙ ነው። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ በየጋራዡ በርሜል ሙሉ ተቀምጧል።

አቅሙን አትጠራጠር። አንድ ሊትር የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ሊትር ናፍጣ ብዙም አያንስም። አልሙኒየም የሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፤ በቂ አየር ያገኘ የዘይት እሳት ከ1000 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳዩ ሙቀት ማግኘት አይደለም። ጉዳዩ ደረቅ ዘይት፣ በቂ አየርና ዘይቱን በፍጥነት የምትዘጋበት መላ ነው። ብዙ ሰው ከማቃጠያው ይጀምርና እነዚህን ሦስቱን መጨረሻ ላይ ያስባቸዋል። አንተ ከነሱ ጀምር።

መጀመሪያ ቦታው

መኪና የምታቆምበት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጠለያ ካለህ ጥሩ ነው፤ ግን ቢያንስ ሁለት ጎኑ ክፍት ይሁን። በር ዘግተው የሚሠሩት ነገር አይደለም። ዘይቱ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከላይ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ፣ ጣውላ ወይም የፕላስቲክ ሸራ ካለ አንሳ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ በአካባቢው አይኑር። መኪናዋን ደግሞ ከግቢ አውጣት።

ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ በቀጥታ እላዩ ላይ አትሥራ። ሲሚንቶ ደርቆ ቢታይም ውስጡ እርጥበት ይይዛል። የቀለጠ አልሙኒየም ሲፈስበት ያ እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል፣ ብረቱንም ወደ እግርህና ወደ ፊትህ ይረጨዋል። ስለዚህ ምድጃው የሚቀመጥበትም የምታፈስበትም ቦታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ አንጥፍ። አሸዋ ድሬ ላይ መቼም አይጠፋም፤ ደቻቱ ሞልቷል። ግን ከወንዙ የመጣ አሸዋ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ላሜራ ላይ በስሱ ዘርግተህ ጥቂት ቀን ፀሐይ አስመታው፣ እያገላበጥክ።

ሰዓቱንም ምረጥ። በቀትር ሱቁም ሰውም ጥላ ፍለጋ በሚገባበት ከተማ፣ ያን ሁሉ ወፍራም ልብስ ለብሶ እሳት ፊት መቆም ራስን መቅጣት ነው። ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሻላል። የማቃጠያው ድምፅ ግን ቀላል አይደለምና ጎረቤት አስቀድመህ አናግር። “እትዬ፣ ነገ ጠዋት ልብስ እንዳያሰጡ፣ ትንሽ ጭስ ሊኖር ይችላል” ማለት ምንም አያስከፍልም። ነጭ ነጠላ ላይ ጥቀርሻ ካረፈ በኋላ ግን ምን ብለህ ትታረቃለህ? እየሠራህ ልትሸጥ ካሰብክ ደግሞ ከመትከልህ በፊት ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ፤ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ እሳት የሚነድበት ሥራ የራሱ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል።

ዘይቱ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ከጋራዥ የሚሰጡህ በርሜል ውስጥ ያለው ሁሉ ዘይት አይደለም። ሠራተኛው የራዲያተር ውሃውንም፣ ዕቃ ያጠበበትን ቤንዚንም፣ የፍሬን ዘይቱንም እዚያው ይደፋል። ስለዚህ ባለቤቱን በደንብ አናግረህ የሞተር ዘይት ብቻ የሚጠራቀምበት የራስህ ጀሪካን አስቀምጥለት። የካምቢዮ ዘይት ቢቀላቀልበት ችግር የለውም። ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠብሱ ቤቶች የሚጥሉት የምግብ ዘይትም በደንብ ይነዳል፤ እንዲያውም ከሞተር ዘይት ይልቅ ንጹሕ ነው። የትራንስፎርመር ዘይት ግን በነፃም ቢሰጡህ አትቀበል። የድሮዎቹ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ግቢ ውስጥ በሚሠራ ምድጃም በወጉ አይጠፋም። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ዘይትም ይቅርብህ፤ ትነቱ ከማቃጠያው ውጪ ሆኖ እሳት ይስባል።

ውሃውን ለማስወጣት ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ዘይቱን በርሜል ውስጥ ገልብጠህ ሳትነካው ሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጠው። ውሃና ዝቃጭ ከዘይት ስለሚከብዱ ወደ ታች ይወርዳሉ። በርሜሉ ላይ ሁለት ቧንቧ ብታስበይድ ሥራህ ይቀላል፦ አንዱ እታች ጥግ ላይ ውሃና ዝቃጭ ማውጫ፣ ሌላው ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ጥሩውን ዘይት መቅጃ። እዚህ ላይ የድሬ ሙቀት ይጠቅምሃል። ዘይቱ ስለሚቀጥን ውሃውና ዝቃጩ ቶሎ ይወርዳል፣ ዘይቱም ቶሎ ይጣራል። ስትቀዳ በአሮጌ ጂንስ ጨርቅ አጥራው። ጨርቁ ላይ የሚቀረውን የብረት ብናኝ ስታይ ለምን እንዳልኩህ ይገባሃል፤ ያ ሁሉ ጠባቡ ቧንቧህ ውስጥ ሊሰነቀር ነበር።

ከዚያ ሙከራ። የማትበላበት አሮጌ መጥበሻ በደንብ አግል፣ ከእሳቱ አርቀው፣ ጓንቲና መነጽር አድርገህ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ጣል አድርግበት። ዝም ብሎ ከተንሸራተተና ከጨሰ ደርቋል። ከተንጣጣ ውሃ አለበት፤ ወደ በርሜሉ መልሰው። ውሃ ያለበት ዘይት ማቃጠያ ውስጥ ሲገባ እሳቱ ይቆራረጣል፣ ይተፋል፣ ጭራሽም ይጠፋል። የጠፋ እሳት ላይ ዘይት መንጠባጠቡ ከቀጠለ ምን እንደሚመጣ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

የተቃጠለ ዘይት በባዶ እጅ አትነካካ። በተደጋጋሚ ቆዳ ላይ ሲቆይ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ “ጋሼ እገሌ ዕድሜ ልኩን ታጥቦበታል” የሚለው ወሬ አያሳምንህ። ዝቃጩንም አሸዋ ላይ ወይም ደቻቱ ውስጥ አትድፋ። ድሬ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች የከተማው የውሃ ምንጭ ናቸው። ዛሬ አሸዋ የመጠጠው ነገ በቧንቧህ ሊመጣ ይችላል። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅመው፣ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ስጥ።

የምድጃው አካል

ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ቆርጠው የሚሠሩ አሉ። ባዶ የሚባለው ሲሊንደር ግን ባዶ አይደለም፤ ግራይንደር ሲነካው የቀረው ጋዝ ይፈነዳል። ቫልቩን አውልቆ ውሃ ሞልቶ የሚቆርጥ ልምድ ያለው ሰው ከሌለ ተወው። ላሜራ አስጠቅልለህ ማስበየድ ይሻላል። የውጪው ስፋት 45፣ ቁመቱም 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለቤት ይበቃል። ጎንና ወለሉን 10 ሴንቲ ሜትር ስትለስነው ውስጡ የ25 ሴንቲ ሜትር ክብ ይቀርሃል፤ ማቅለጫ ጣሳህ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በዙሪያው እሳት የሚዞርበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አገኘህ ማለት ነው።

ልስኑን በሲሚንቶ እንዳትሠራ። ሲሚንቶ ጥቂት መቶ ዲግሪ ላይ ሲደርስ የያዘውን ውሃ ይለቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም እየፈነዳ ይረግፋል። እሳት የሚችል ጡብ ካገኘህ ደስ ይበልህ። ካላገኘህ የተፈጨ ሸክላ ጡብ፣ የሸክላ አፈርና ትንሽ አሸዋ ቀላቅል። ሦስት እጅ የተፈጨ ጡብ ላይ አንድ እጅ ተኩል ሸክላ አፈርና ግማሽ እጅ አሸዋ ጥሩ መነሻ ነው። አፈሩን ከሸክላ ሠሪዎች ግዛ፤ እነሱ የቱ አፈር እሳት እንደሚችል ያውቃሉ። ሸክላው ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ይፈረፈራል። ውሃ አታብዛ፤ በጭብጥህ ስትጨምቀው ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት፣ እጅህን ማራስ የለበትም። ላሜራውን ከሚነካው ወገን ያለውን ንብርብር ከሰጋቱራ ጋር ብትቀላቅለው ሰጋቱራው ተቃጥሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ይተዋል፣ ያ ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ጡብ ስትፈጭ አፍና አፍንጫህን በጥሩ ማስክ ሸፍን። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

የማቃጠያው ቀዳዳ ከወለሉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ቀጥታ ወደ መሐል ሳይሆን ግድግዳውን ታክኮ ይግባ። እሳቱ ጣሳውን እየተሽከረከረ ይልሰዋል እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይወጋውም። ወለሉ ላይ ትንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳ አትርሳ፤ ጣሳው ቢቀደድ ብረቱ ወደ ማቃጠያው ሳይሆን ወደ ውጪ አሸዋው ላይ ይወርዳል። ክዳኑም ይለሰናል፣ መሐሉ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይኑረው።

ማድረቁን አታጣድፍ። መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት። ፀሐይ ላይ ብታወጣው ላዩ ደርቆ ውስጡ ርሶ ይቀርና ይሰነጠቃል። ከዚያ ትንሽ የእንጨት እሳት፣ በማግስቱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ እንደዛ እያልክ። እንፋሎት መውጣቱ እስኪቆም ዘይት አትሞክር። ከድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጣ አዛውንት ባለሙያ የምታውቅ ከሆነ ደግሞ ጋሼ ብለህ ቁጭ በልና ጠይቀው። ድሬ ባቡር ከገባላት ከ1895 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ብረት ስትቀጠቅጥ የኖረች ከተማ ናት፤ ዕውቀቱ አሁንም በየሰፈሩ አለ።

ማቃጠያውና አየሩ

ማቃጠያው ራሱ ሲታይ ያሳፍራል፤ ሁለት ኢንች ጥቁር ቱቦ ነው። ጥቁር ያልኩህ ነጩን፣ ዚንክ የተቀባውን የውሃ ቱቦ እንዳታመጣ ነው። ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ በያጆች በደንብ ያውቁታል። ከቱቦው ኋላ ብሎወር፣ ማለትም አየር የሚነፋ ማሽን፣ ይገጠማል፤ ከአሮጌ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን የወጣ ሞተርም ይሆናል። በመሐል አየሩን የምትቀንስበት የላሜራ መዝጊያ አድርግ። የዘይቱ መስመር ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው፤ የፍሪጅ ጥገና ቤቶች ጋ ቁራጩ ይገኛል። ከላይ በኩል ገብቶ ጫፉ ከማቃጠያው አፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቅር። ዘይቱ እዚያ ይንጠባጠባል፣ አየሩ ይበትነዋል፣ የጋለው ግድግዳ ያተነዋል። ቱቦው ወደ ምድጃው ትንሽ ያዘንብል፤ አለበለዚያ ዘይቱ ወደ ብሎወሩ ይመለሳል።

አሁን አየሩ። አንድ ሊትር ዘይት በወጉ ለመንደድ በባሕር ጠለል ላይ ከ10 ኪዩቢክ ሜትር በላይ አየር ይፈልጋል። ድሬ ግን 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩም ሞቃት ነው፣ ስለዚህ ሳስቷል። እዚህ ለዚያው ሊትር ወደ 12 ተኩል ኪዩቢክ ሜትር ያስፈልግሃል። ሐረር ላይ የምትሠራ ከሆነ፣ 1900 ሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ ከዚያም ትንሽ ጨምር። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ፈረንጅ “ይህ ብሎወር በቂ ነው” ሲልህ እሱ የቆመው ምናልባት ባሕር ዳርቻ ነው። ይህን የሚያክል ምድጃ በሰዓት ከሁለት እስከ አራት ሊትር ዘይት ይበላል። ብሎወር ስትመርጥ ተርፎህ በመዝጊያው ብትቀንሰው እንጂ እንዳይጎድልህ።

ዘይቱ የሚቀመጥበት ሰልባትዮ ከማቃጠያው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፤ ወደ ጎን ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። በመሐል የብሎኬት ግድግዳ ካለ እንዴት ያለ ዕድል ነው። ሁለት ቫልቭ ያስፈልግሃል። አንዱ ሰልባትዮው ሥር፣ በአንድ ምት የሚዘጋ፣ ለክፉ ቀን። ሌላው ማቃጠያው አጠገብ፣ በጠብታ የምትመጥንበት።

መብራት ሲጠፋ

መብራት እንደሚጠፋ አትጠራጠር። ብሎወሩ ይቆማል፣ ዘይቱ ግን በራሱ ክብደት መውረዱን ይቀጥላል። የጋለ ምድጃ ውስጥ አየር ሳይኖር ዘይት ይተናል፤ ነጭ ወፍራም ጭስ ይሞላል። ከዚያ መብራቱ ድንገት ሲመጣ ብሎወሩ አየር ይሰጠዋል። የቀረውን አንተው ጨርሰው።

መድኃኒቱ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋ፣ ለነዳጅ የተሠራ ቫልቭ ነው። ከብሎወሩ ጋር በአንድ መስመር ይገጠማል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቫልቭ አትጠቀም፤ ጎማው ለውሃ እንጂ ለዘይት አልተሠራም። ብሎወሩ ደግሞ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ ማብሪያ ማጥፊያውን እዚያው አጥፋ። ቫልቩ ቢኖርህም እሳት እየነደደ ምድጃውን ጥለህ አትሂድ። ስልክ ቢጠራ ይጥራ። በርጫም ከሥራ በኋላ።

ማቀጣጠልና ማጥፋት

በከሰል ወይም በእንጨት ምድጃውን አሙቅ። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይረዳል፤ ቤንዚን ግን በጭራሽ። ብሎወሩን በትንሹ ክፈት፣ ግድግዳው መቅላት ሲጀምር ዘይቱን በጠብታ ልቀቅ። ሲይዝ ድምፁ ይለወጣል፣ ያገሳል። ከዚያ አየርና ዘይት እያፈራረቅክ ጨምር። ፊትህ ከክዳኑ ቀዳዳ በላይ አይሁን።

ጭሱን አንብብ። ጥቁር ከሆነ ዘይት በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ነጭ ከሆነ ዘይቱ ሳይነድ እየተነነ ነው፤ ይህ ከጥቁሩ ይብሳል፣ ዘይቱን ዝጋ። በደንብ የሚነድ ምድጃ ጭሱ አይታይም፣ ከክዳኑ ቀዳዳ አጭር ነበልባል ብቻ ይወጣል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ቅሪት ስላለ ጭስ ባይታይም ከነፋሱ ወገን ቁም።

እሳቱ በራሱ ከጠፋ መጀመሪያ ዘይቱን ዝጋ። ብሎወሩ ጥቂት ደቂቃ ይንፋ፣ ትነቱ ይውጣ። ከዚያ እንደ አዲስ ጀምር። ስትጨርስም እንደዚሁ፦ ዘይት ቀድሞ፣ አየር ኋላ።

ልብስ። ቤት ነኝ ብለህ በሽርጥና በነጠላ ጫማ እንዳትቆም። ወፍራም የጥጥ ልብስ፣ ከጫማው በላይ የሚወርድ ሱሪ፣ የቆዳ ቡትስ፣ የበያጅ ጓንቲ፣ ፊት መከላከያ። ናይለን ገላ ላይ ይቀልጣል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ እና የዱቄት እሳት ማጥፊያ በአጠገብህ ይሁን። ውሃ ግን በቀለጠ ብረትም በሚነድ ዘይትም ላይ አይደፋም፤ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል።

ምን ይቀለጣል?

ፒስተን፣ ቴስታታ፣ የአልሙኒየም ቸርኬ። እነዚህ መጀመሪያውኑ ቀልጠው የተሠሩ ስለሆኑ ፎርማ ውስጥ በደንብ ይፈስሳሉ። የለስላሳና የቢራ ቆርቆሮ ብዙ ይመስላል፣ ሲቀልጥ ግን ብዙው አረፋ ሆኖ ይጣላል። የመስኮት ፍሬም ይቀልጣል፣ ግን ይወፍርብሃል፣ ቀጭን ቅርጽ አይሞላም። ከቁራሌው የምትገዛው ዕቃ ውስጥ ማግኒዥየም እንዳይኖር ተጠንቀቅ፤ አንዳንድ የሞተር ሳይክልና የመኪና ሽፋኖች ከሱ ይሠራሉ፣ ከተቀጣጠለ ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም። ፍቀህ ኮምጣጤ ጣል አድርግበት። አረፋ ከሠራ ማግኒዥየም ነው፣ ለይተህ አስቀምጠው። አልሙኒየም ዝም ይላል።

ድስት ግን አታውጣበት። የጋራዥ ቁርጥራጭ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ጣሳውን ከወፍራም የብረት ቱቦ ታች አስበይደህ ሥራው፣ ውስጡን በቀጭን ሸክላ ቅባውና በደንብ አድርቀው። አልሙኒየም ብረትን ቀስ እያለ ይበላል፤ ሸክላው ያዘገየዋል። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ጣሳውን በመዶሻ ነካ አድርገው፤ የሳሳ ከመሰለህ ለውጠው። እየጨመርክ የምታቀልጠውን ቁራጭ ሁሉ መጀመሪያ ክዳኑ ላይ አሙቀው፣ እርጥብ ወይም ዘይት ያለበት ፒስተን የቀለጠ ብረት ውስጥ አይገባም። ከላይ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ በደረቅና በሞቀ ማንኪያ ግፈፍ። ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ሲሆን አፍስስ። መለኪያ ከሌለህ ከቀለጠ በኋላ ብዙ አታቆየው፤ ከልክ በላይ ሲግል ሃይድሮጅን ይስብና ሥራህ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

ክረምት ሲቃረብ የዘይት በርሜሎቹን ከመሬት ከፍ አድርገህ እሰራቸው። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅህም። ከወራት በኋላ ምድጃውን ዳግም ስታስነሳ ደግሞ ልስኑ እርጥበት ስቦ ይቆያልና በትንሽ የእንጨት እሳት ጀምር። የመዳቡንም ቱቦ አውልቀህ ንፋበት፤ የረጋ ዘይት ይዘጋዋል።